የእህቴን 85 ሺህ ብር ለሀኪንግ ኮርስ ልክፈል ወይስ ሄልፕ ዴስክ ልግባ?

ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ዓምዱን ሁሌ ነው የማነበው ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። 23 ዓመቴ ነው፣ አምና በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄያለሁ፣ የመውጫ ፈተናውንም በአንዴ ነው ያለፍኩት። ሀዋሳ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የምኖረው። ግቢ እያለን ሶስተኛ ዓመት ላይ የኮምፒውተር ሴኩሪቲ ኮርስ ወስደን ነበር፣ ከዛ ወዲህ ልቤ እዛው ቀርቷል፣ ሌሊት ሌሊት ስለሱ ዩቲዩብ ሳይ ነው የማድረው። ችግሩ ስራው የለም፣ የማየው ማስታወቂያ ሁሉ ሶስት ዓመት ልምድ አምስት ዓመት ልምድ ይላል፣ ልምዱን ግን የሚሰጠኝ የለም።

አሁን ሶስት ነገር አንድ ላይ መጣብኝ። አንደኛ አዲስ አበባ ያለ አንድ ማሰልጠኛ የሶስት ወር ኤቲካል ሀኪንግ ኮርስ በ85 ሺህ ብር ይሰጣል፣ ስትጨርሺ ኢንተርናሽናል ሰርተፍኬት ታገኛለሽ ስራም እናስገባሻለን ብለውኛል። ብሩን ኩዌት ያለችው ታላቅ እህቴ እልክልሻለሁ ብላለች፣ እህቴ ሰው ቤት ነው የምትሰራው፣ እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሁለተኛ እዚሁ ሀዋሳ አንድ ማይክሮፋይናንስ ለአይቲ ሳፖርት ተፈትኜ አልፌያለሁ፣ ደመወዙ 9 ሺህ ብር ነው፣ ስራው ሄልፕ ዴስክ ነው፣ ፓስዎርድ ሪሴት ማድረግ፣ ፕሪንተር ማስተካከል ምናምን። ክላስሜቶቼ እዛ ከገባሽ አበቃልሽ፣ ሴኩሪቲ የሚባለውን እርሺው ይሉኛል፣ እናቴ ደግሞ ማለፌን ከሰማች ጀምሮ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች። ሶስተኛው የክፍላችን አንድ ልጅ ነው፣ በጣም ጎበዝ ነው፣ የአንድ ድርጅት ዌብሳይት ላይ ክፍተት አግኝቻለሁ፣ አብረን ገብተን ዳታቸውን አውጥተን ብናሳያቸው ይቀጥሩናል ይለኛል። የሆነ ነገር ያስፈራኛል ግን ፈሪ እንዳይለኝ ዝም ብዬዋለሁ። ለማይክሮፋይናንሱ እስከ ሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ። ላፕቶፔም 4 ጂቢ ራም ነው ይንቀራፈፋል። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት፣ ከሀዋሳ

የኔ ልጅ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ሰኞ ቅርብ ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፣ ግን ከስራውም ከኮርሱም በፊት የጓደኛሽን ነገር ላንሳ ምክንያቱም ከሶስቱ ውስጥ ከገቡበት በኋላ መመለሻ የሌለው እሱ ብቻ ነው።

ያስፈራኛል ያልሽውን ፍርሃትሽን እመኚው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባትን ራሱን ነው ወንጀል ያደረገው፣ ያበላሸሽው ነገር ባይኖርም፣ ሳንቲም ባትወስጂም፣ ልታሳዪአቸው አስበሽም ቢሆን። አዋጁ በአማርኛም ስላለ አውርጂና አንብቢው፣ በዚህ ሙያ ልትኖሪ ከሆነ ከማንም ቀድመሽ ልታውቂው የሚገባ ህግ ነው። ህጉን ትተን ደግሞ እስቲ አንቺ የዛ ድርጅት ኃላፊ ነሽ ብለን እናስብ፣ ሁለት የማታውቂያቸው ልጆች የደንበኞችሽን ስልክ ቁጥርና ሂሳብ ይዘው መጥተው ቅጠሪን ቢሉሽ የሲስተምሽን አድሚን ፓስዎርድ ትሰጫቸዋለሽ? ይሄ ስራ ከችሎታው በላይ የሚጠይቀው መታመንን ነው፣ በዚህ የጠፋ ስም ደግሞ በቀላሉ አይመለስም፣ በተለይ እንደኛ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ገበያ።

ልጁ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፣ እንደውም ጉጉቱ ደስ ይላል፣ ቦታው ነው የተሳሳተው። ያየውን ክፍተት ከዚህ በላይ ሳይነካ፣ ዳታ ሳያወርድ፣ ለድርጅቱ በጽሑፍ ያሳውቃቸው ወይም ኢንሳ ስር ላለው፣ የሳይበር ጥቃትና ክፍተት ጉዳዮችን ለሚከታተለው ለኢትዮ ሰርት ይንገር። እጁን የሚበላው ከሆነ ደግሞ ሀክ ዘ ቦክስና ትራይሀክሚ የሚባሉ የመለማመጃ ድረ ገጾች ላይ እንድትሰብሪው ተብሎ የተሰራ ማሽን ሞልቷል፣ ሀከርዋን የሚባለው ድረ ገጽ ላይም ድርጅቶች ራሳቸው ይሄን ይሄን ብቻ ፈትሹ ብለው ወሰኑን ጽፈው ፈቃድ ይሰጣሉ። ለመልሱ አትጨነቂ፣ «እኔ በዚህ ሙያ መኖር ስለምፈልግ አልነካውም፣ አንተም ባትነካው ደስ ይለኛል» በይው፣ ዛሬ ማታ ጻፊለት። ፈሪ ካለሽም ይበል፣ ነገ ፖሊስ ፊት አጠገብሽ ቆሞ መልስ የሚሰጥልሽ እሱ አይደለም።

አሁን ወደ ስራው። እኔ በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት የቆየሁ ሰው ነኝ፣ ጀማሪዎችንም ኢንተርቪው አድርጌያለሁ፣ እና ሳላመነታ የምልሽ ሄልፕ ዴስኩን ግቢበት ነው። የተሻለ ስለጠፋ እሱን ያዢ እያልኩሽ አይደለም። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ኤምጂኤም ሪዞርትስ የሚባለው የላስ ቬጋስ ትልቅ የሆቴልና የካዚኖ ድርጅት ተጠቅቶ እንግዶች ክፍላቸውን በካርድ መክፈት እስኪያቅታቸው፣ የቁማር ማሽኖቹም ቀጥ እስኪሉ ደርሶ ነበር፣ ድርጅቱ ራሱ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ሪፖርት አድርጓል። ጥቃቱ በምን ተጀመረ መሰለሽ፣ በሰፊው እንደተዘገበው አጥቂዎቹ ሰራተኛ መስለው ወደ አይቲ ሄልፕ ዴስክ ደወሉ። በቃ፣ አንድ ስልክ። ማለትም ክላስሜቶችሽ ፓስዎርድ ሪሴት ብቻ ብለው የናቁት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር የመጀመሪያው በር።

ያ ወንበር አሁን ያንቺ ሊሆን ነው። እስቲ አስቢው፣ አርብ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ልትወጪ ቦርሳሽን አንስተሻል፣ ስልኩ ይጮሃል፣ «የቅርንጫፉ ስራ አስኪያጅ ነኝ፣ አካውንቴ ተቆልፏል፣ ኦዲተሮች ፊቴ ቆመው እየጠበቁኝ ነው፣ ፓስዎርዱን ቀይሪና በዚሁ ንገሪኝ፣ በጣም ቶሎ!» ይላል፣ ድምፁ ቆጣ ያለ ነው፣ አንቺ ደግሞ አዲስ ሰራተኛ ነሽ። ምን ታደርጊያለሽ? ስልኩን ዘግተሽ ድርጅቱ ውስጥ በተመዘገበው ቁጥር መልሰሽ ደውለሽ ሰውየውን የምታረጋግጪ ከሆነ፣ ሲቆጣሽም በትህትና አሰራራችን ነው ጌታዬ ብለሽ የምትጸኚ ከሆነ፣ አንቺ በዛች ደቂቃ ሴኩሪቲ እየሰራሽ ነው። እንደዛ የሚል የተጻፈ አሰራር ከሌላቸው ደግሞ በግማሽ ገጽ ጽፈሽ ለኃላፊሽ አቅርቢ፣ ይሄ ሲቪሽ ላይ ከማንኛውም የዩቲዩብ ሰርተፍኬት በላይ ያወራልሻል።

ሌላም አለ። አካውንት ተቆለፈብኝ ብሎ የሚደውል ሰው ሁሉ ከጀርባው ታሪክ አለው። ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ሴኩሪቲ ሎጉን፣ ማለትም ሲስተሙ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ስትከፍቺ እያንዳንዱ ክስተት ቁጥር አለው፣ 4625 ሎግኢን ሞክሮ ያልተሳካ፣ 4624 የተሳካ፣ 4740 አካውንት ተቆለፈ፣ 4720 አዲስ አካውንት ተፈጠረ ማለት ነው። አንድ ሰው ከምሳ ተመልሶ ሁለት ሶስት ጊዜ 4625 ካመጣና ከተቆለፈ የጣት ስህተት ነው ትያለሽ። ከለሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ማንም ቢሮ በሌለበት በአንድ የተጠቃሚ ስም 4625 በመቶዎች ተደርድሮ ካየሽ፣ ከዛ በመጨረሻ አንድ 4624 ብቅ ካለ፣ ትንሽ ቆይቶ 4720 ካለ ግን፣ የሆነ ሰው ፓስዎርዱን እየሞከረ ሞክሮ ገብቶ ለራሱ አካውንት ከፍቷል ማለት ሊሆን ይችላል። የሶክ አናሊስት የሚባለው፣ የድርጅቱን ሲስተም ከጥቃት የሚከታተለው ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሰራው እንዲህ ያለውን ማንበብ ነው። አንቺ ግን መደበኛው ቀን ምን እንደሚመስል ካላየሽ ያልተለመደውን በምን ታውቂዋለሽ? መደበኛውን የሚያሳይሽ ሄልፕ ዴስክ ነው፣ ማን መቼ እንደሚገባ፣ የትኛው ሲስተም ሰኞ ሰኞ እንደሚያስቸግር፣ ማን ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ ጽፎ ኪቦርድ ስር እንደሚያስቀምጥ።

የገንዘብ ተቋም መሆኑም ጥሩ ነው። መጋቢት 2016 ላይ ንግድ ባንክ የሆነውን አስታውሺ፣ አንቺም ያኔ ግቢ ነበርሽ፣ ሌሊቱን ተማሪው ሂሳቡ ውስጥ የሌለ ብር ሲያወጣ ሲያዘዋውር አደረ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ሲስተም ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ጋር የመጣ ችግር ነው ነው ያለው። ብዙ ሰው ሀከር ከሌለበት የሴኩሪቲ ጉዳይ አይደለም ብሎ ያስባል፣ እኔ ግን ጀማሪዎችን የምጠይቀው እዛ ጋር ነው፣ አንድ ማሻሻያ ደንበኛ እየተጠቀመበት ባለው ላይቭ ሲስተም ላይ ከመጫኑ በፊት ማን ይፈትሸዋል፣ ማን ይፈርማል፣ ቢበላሽ እንዴት ወደ ነበረበት ይመለሳል? ዳታው ትክክል ሆኖ መቆየቱ እኮ ከሌባ ከመጠበቁ እኩል ስራችን ነው። አዲሱ መስሪያ ቤትሽ ይሄን እንዴት እንደሚያደርገው ዓይንሽን ገልጠሽ እዪ።

ክላስሜቶችሽ ግን ከመሬት ተነስተው አይደለም የሚያወሩት፣ ይሄንንም ልንገርሽ። ሄልፕ ዴስክ ገብቶ ዓመት ዓመትን እየወለደ እዛው የሚቀር ሰው አለ፣ ካርትሪጅ ሲቀይር ውሎ ደክሞት ቤቱ ገብቶ የሚተኛ። ስለዚህ ቀጠሮ ይዘሽ ግቢ፣ ለምሳሌ አንድ ዓመት ተኩል። በዛ ጊዜ ውስጥ የሰራተኛው አካውንት ሁሉ የሚተዳደርበትን አክቲቭ ዳይሬክተሪን፣ ባክአፕን፣ ኔትዎርኩን የሚጠብቀውን ፋየርዎል የሚነካ ስራ ሲኖር እኔ ልርዳ ብለሽ ጠይቂ፣ ኔትዎርክ አድሚኑ ቅዳሜ ገብቶ ስዊች ሲቀይር አብረሽው ግቢ፣ ጥቅምት ላይ የሳይበር ደህንነት ወር ሲመጣ ለሰራተኛው ስለ ፊሺንግ፣ ማለትም በሐሰተኛ መልእክት ስለማታለል፣ እና ኦቲፒ የሚባለውን የአንድ ጊዜ ኮድ ለማንም ስላለመስጠት ግማሽ ሰዓት ላስረዳ ብለሽ ለኃላፊሽ ሀሳብ አቅርቢ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ መስሪያ ቤቱ ያንቺ ስለሆነ ብለሽ እዛ ኔትዎርክ ላይ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ምንም ስካን፣ ማለትም ክፍተት ፍለጋ፣ እንዳታደርጊ፣ ለመማር ነው የሚለው ምክንያት ሲስተም ሲቆም አያድንሽም።

ወደ 85 ሺህ ብሩ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ልቤ የሚከብደው ስለ እህትሽ ነው። ማሰልጠኛውን አላውቀውምና ክፉ ነው አልልም፣ ግን ከመክፈል በፊት ልትጠይቂያቸው የሚገባ ነገር አለ፣ ኢንተርናሽናል የምትሉት ሰርተፍኬት የማን ነው፣ የፈተናው ቫውቸር (የመፈተኛው ኩፖን) ክፍያው ውስጥ አለ ወይስ የምትሰጡኝ የራሳችሁን ወረቀት ነው? አስተማሪው ቀን ላይ የት ነው የሚሰራው? አምና የጨረሱ የሶስት ሰዎች ስልክ ትሰጡኛላችሁ? ስራ እናስገባሻለን የሚለውንስ በውል ትጽፉልኛላችሁ? መልሱ ከተድበሰበሰ መልሱን አግኝተሻል።

መልሱ ጥሩ ቢሆን እንኳ አሁን ጊዜው አይመስለኝም። ለምሳሌ ሴኩሪቲ ፕላስ የሚባለው የኮምፕቲያ ፈተና ብቻውን ከ400 ዶላር በላይ ነው፣ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100ን አልፏል፣ በ100 ብር እንኳ ብናሰላው ከ40 ሺህ ብር በላይ ነው፣ ከአራት ወር ደመወዝሽ በላይ። ይሄን ያህል ወጪ ስራውን ቀምሰሽ የትኛው ዘርፍ እንደሚሆንሽ ስታውቂ፣ ከተቻለም ቀጣሪ ሲከፍልልሽ ነው የሚያምረው። ማስታወቂያ ላይ ሲአይኤስኤስፒ የሚባለው የሴኩሪቲ ሰርተፍኬት ያለው የሚል ስታዪ ደግሞ አትደንግጪ፣ እሱ ራሱ የአምስት ዓመት የስራ ልምድ የሚጠይቅ ነው፣ ላንቺ የተጻፈ ማስታወቂያ አይደለም።

እህትሽን ግን ጠይቀሻታል? ማለቴ ብሩን ትልኪያለሽ ወይ ብለሽ ሳይሆን አንቺስ በዚህ ብር ምን ልታደርጊ ነበር ያሰብሽው ብለሽ። ያስተማረሽ ሰው እንቢ ማለት ይከብደዋል፣ አንቺም እሷን ላለማሳዘን እሺ ልትያት ትችያለሽ፣ እንደዛ ሆኖ ሁለታችሁም የማትፈልጉት ብር ሊወጣ ነው። እምቢ አለችኝ ብላ እንዳትቀየም ከፈለግሽ ትንሿን ተቀበያት፣ ላፕቶፕሽን ባለሙያ ጋር ወስደሽ ራሙ ማደግ የሚችል ከሆነ ወደ 8 ወይ 16 አሳድጊው፣ ሀርድ ዲስኩንም ወደ ኤስኤስዲ ቀይሪው፣ ይሄ ከኮርሱ ጋር የማይወዳደር ወጪ ነው፣ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስነሳው ቨርቹዋል ቦክስ ላይ ሊነክስና ዊንዶውስ አብረሽ ማስነሳት ትችያለሽ።

እስከዛም ያለው ላፕቶፕ አይከለክልሽም። ኦቨር ዘ ዋየር የሚባለው ጋር ባንዲት የምትባል ጨዋታ አለች፣ ነፃ ናት፣ በጽሑፍ ብቻ ስለሆነች ዳታም አትበላም፣ በየደረጃው አንድ የሊነክስ ትእዛዝ እያስተማረች ወደሚቀጥለው ፓስዎርድ ትወስድሻለች። ከሷ ጀምሪ። ቀጥሎ ኔትዎርክ፣ የሲስኮ ኔትዎርኪንግ አካዳሚ ነፃ ኮርሶች አሉት፣ ዋየርሻርክ ጭነሽ የራስሽን ኮምፒውተር ትራፊክ እዪ፣ ብራውዘር ላይ አድራሻ ጽፈሽ ኢንተር ስትይ አድራሻውን ወደ ቁጥር ከሚቀይረው ከዲኤንኤሱ ጀምሮ ገጹ እስኪመጣ ምን እንደሚሆን ለታናሽ ወንድምሽ ማስረዳት እስክትችይ ድረስ። ይሄ ጥያቄ ኢንተርቪው ላይ አይቀርም፣ ስንት የሰርተፍኬት ክምር የያዘ ልጅ እዛ ላይ ሲንተባተብ አይቻለሁ። የዌብ ጥቃቱን ከወደድሽ ፖርትስዊገር ዌብ ሴኩሪቲ አካዳሚ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ላፕቶፑ ሲሻሻል ሎግ ሰብስቦ የሚከታተለውን ዋዙህ የሚባል ፕሮግራም ጭነሽ ቅድም ያልኩሽን ሎጎች ወደሱ እየላክሽ አለርት አሰሪው። ወረቀትም ከፈለግሽ አይኤስሲቱ የሚባለው የሴኩሪቲ ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለአንድ ሚሊዮን ሰው የጀማሪ ስልጠናውንና ፈተናውን በነፃ እሰጣለሁ ብሎ ጀምሮ ነበር፣ ዕድሉ አሁንም ክፍት መሆኑን ድረ ገጹ ላይ አረጋግጪ፣ ስታልፊ በዓመት 50 ዶላር የአባልነት ክፍያ እንዳለው ግን እወቂ። የኢንሳ የሳይበር ታለንት ውድድር ምዝገባ ሲወጣም አያምልጥሽ፣ ቴሌግራም ቻናላቸውን ተከታተዪ። የሰራሽውን ሁሉ ደግሞ ምን ሞከርኩ፣ ምን አቃተኝ፣ እንዴት ፈታሁት እያልሽ ጻፊው፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ይበቃል፣ ስራ ውለሽ ሌሊት ሙሉ ዩቲዩብ አይቻልም።

አንድ የምጠይቅሽ አለ። ሌሊት ሌሊት ስታዪ የምታድሪው የትኛውን ነው? ሰብሮ መግባቱን ነው፣ የገባውን ማደኑን ነው፣ ወይስ ህጉንና አሰራሩን? ሰው ሴኩሪቲ ሲል ሀኪንግ ብቻ ይመስለዋል፣ ግን ለምሳሌ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛ መረጃ የሚይዝ ተቋም ሁሉ አዋጁን ተረድቶ ወደ ስራ የሚቀይርለት ሰው ያስፈልገዋል፣ ደብዳቤሽን ሳየው ነገር ለይተሽ ትጽፊያለሽ፣ ኦዲትና ኮምፕላያንስ የሚባለው፣ ተቋሙ ህጉን ማክበሩን የሚያረጋግጠው ዘርፍ እንዲህ ያለ ሰው ይፈልጋል። አሁን መወሰን የለብሽም፣ ግን ስራ ከጀመርሽ በኋላ የትኛው ስራ ሰዓቱን እንደሚያስረሳሽ ልብ በይ።

ለሰኞ እንግዲህ ውሉን ሳትፈርሚ አንብቢው፣ በተለይ ይህን ያህል ዓመት የማገልገል ግዴታ ካለው፣ ቀድመሽ ብትለቂ የምትከፍዪው ካለ፣ ዋስ ይጠይቁ እንደሆነም አጣሪ፣ የአንድ ዓመት ተኩል ቀጠሮሽን የሚያፈርስ ነገር ካለ ፊት ለፊት አንሺላቸው። የሙከራ ጊዜውንና የትርፍ ሰዓቱንም ጠይቂ፣ ሄልፕ ዴስክ ቅዳሜና እሁድ የሚጠራ ስራ ነው። እህትሽ ጋር ደግሞ እረፍቷ አርብ ከሆነ አርብ ደውዪላት፣ ስራ መግባትሽን ከእናትሽ በፊት ካንቺ ትስማ፣ ብሩንም አትላኪው፣ የኮርሱን ነገር ስራውን ካየሁ በኋላ እንነጋገርበታለን በያት። ባንዲት ላይ የት እንደደረስሽ ጻፊልኝ፣ ከተጣበቅሽ የቱ ደረጃ ላይ እንደሆነ ንገሪኝና አብረን እናየዋለን።